ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ማሽንህን መርምር

ልጄ፣ የጌሚንግ ላፕቶፕህ መንቀራፈፍ ጀምሮ «ፕሮሰሰሩን ልቀይረው ወይስ ይቅር?» እያልክ ከሆነ፣ ገንዘቡ ገና ከኪስህ ሳይወጣ ይህን አንብብ። አንተ እያልኩ ብጽፍም ምክሩ ለሴት ልጆቼም ጭምር ነው። ዕድሜዬን በኮምፒውተር ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ወጣቶች ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ሲመጡ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እኔም ለሁሉም የምለው አንድ ነገር አለ፦ ማሽንህን እግር ከወርች ያሰረው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ምንም ነገር አትግዛ።

ይህ ምክር ድሮም ደግ ነበር፤ ዛሬ ግን ግዴታ ሆኗል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የላፕቶፕ ዕቃ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ እስከ ማራገቢያው ከውጭ የሚገባ ነው። ሳይታሰብበት የተገዛ ዕቃ ያኔ ከሚያሳጣህ ብር ዛሬ የሚያሳጣህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በቅደም ተከተል እንሂድ።

ከሁሉ በፊት የሚመለሰው ጥያቄ ፕሮሰሰሩ ጭራሽ ይቀየራል ወይ የሚለው ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር መቀየር የተለመደ ነው፤ ሶኬቱን ከፍተህ አሮጌውን ታወጣለህ፣ አዲሱን ታስቀምጣለህ። ጓደኛህ «ቀየርኩት፣ ጌሙ በረረ» ካለህ መጀመሪያ የእሱ ዴስክቶፕ ነው ወይስ ላፕቶፕ ብለህ ጠይቀው። በላፕቶፕ ዓለም ይህ ዕድል ከተዘጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው 2ኛ ጄኔሬሽን፣ በ2012 በወጣው 3ኛ ጄኔሬሽንና በ2013 በወጣው 4ኛ ጄኔሬሽን ፒን ያላቸው፣ ከሶኬት የሚነቀሉ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ነበሩ። ከ5ኛው ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉት የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ግን ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደው ነው የሚመጡት። የኤኤምዲ ራይዘን የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ ናቸው። ማሽንህ 8ኛ፣ 10ኛ ወይም 12ኛ ጄኔሬሽን ከሆነ ጥያቄህ በአብዛኛው እዚሁ ላይ ተመልሷል፤ ፕሮሰሰሩ አይነቀልም።

አራተኛ ጄኔሬሽን ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኮር አይ7-4700ኤምኪው እና ኮር አይ7-4700ኤችኪው ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ፍጥነታቸውም አይራራቅም። ነገር ግን ኤምኪው የሚለው ፒን ያለው፣ የሚነቀል ነው፤ ኤችኪው የሚለው የተበየደ ነው። መጨረሻው ላይ ዩ የሚል ፊደል ያለበትም የተበየደ ነው። በፊደል ብቻ ግን አትመን። ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነህ ክፈተውና የፕሮሰሰሩን ማቀፊያ ዓይነት የሚያሳየውን መስመር ተመልከት። ፒጂኤ የሚል ካለበት ይነቀላል፤ ቢጂኤ የሚል ካለበት ተበይዷል። ይህን ለማወቅ ላፕቶፑን መፍታት አያስፈልግህም፤ ለማንም አምስት ሳንቲም መክፈልም አያስፈልግህም።

«የተበየደውንም አንስቼ ሌላ እበይድልሃለሁ» የሚል ሰው ሊያጋጥምህ ይችላል። መሣሪያውም ሙያውም ያላቸው ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። ነገር ግን ከፕሮሰሰሩ ሥር ከአንድ ሺህ በላይ ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች አሉ። ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ ማዘርቦርዱ ይጣመማል፣ የመዳብ ነጥቦቹ ይነቀላሉ፤ ብየዳው ቢያምርም ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ አዲሱን ፕሮሰሰር ካላወቀው ማሽኑ አይነሳም። የሞተ ማዘርቦርድ ለማዳን ይህን መሞከር ያስኬዳል። የሚሠራን ማሽን፣ ያውም ትምህርትህና ሥራህ ያለበትን፣ ለጥቂት ፍሬም ብለህ ወደዚያ እሳት አታስገባው።

«የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የሚቀበል ላፕቶፕስ?» ካልከኝ፣ አለ። ዴል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ኤልየንዌር ኤሪያ-51ኤም እስከ ኮር አይ9-9900ኬ የሚቀበል የዴስክቶፕ ሶኬት ነበረው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ኢንቴል 10ኛውን ጄኔሬሽን በሌላ ሶኬት አወጣ፤ ዴልም ለዚያ የሚሆን ሁለተኛ ሞዴል ሠራ። የመጀመሪያውን «ወደፊት አሳድገዋለሁ» ብለው የገዙ ሰዎች ከ9900ኬ በላይ መሄጃ አጡ፤ ጉዳዩም በ2021 አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዚህ የምትማረው ግልጽ ነው። ሶኬት መኖሩ ብቻ የወደፊት ዋስትና አይሆንም፤ ዛሬ የምታገኘውን እንጂ ነገ ይመጣል የተባለውን ተስፋ አትግዛ።

እንበልና ያንተ ማሽን የሚነቀል ፕሮሰሰር ካላቸው አንዱ ሆነ። አሁን ደግሞ የሚስማማውን ማወቅ አለብህ። 2ኛና 3ኛ ጄኔሬሽን ሶኬታቸው አንድ ነው፤ የ4ኛው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ 3ኛ ጄኔሬሽን ማሽን ላይ የ4ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር አይገባም። ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ የመጨረሻው ወሳኝ ባዮሱ ነው። አምራቹ በባዮሱ ውስጥ ያላካተተውን ፕሮሰሰር ማሽኑ ላያነሳው ይችላል። አስተማማኙ መንገድ የላፕቶፕህን ሞዴል የአገልግሎት መመሪያ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደህ፣ ያ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ በየትኞቹ ፕሮሰሰሮች ይሸጥ እንደነበር ማየት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ግዛ፤ ከሌለ «ይሠራል አሉ» በሚል ወሬ አትግዛ። ከመቀየርህም በፊት ባዮሱን ወደ መጨረሻው ዕትም አሳድገው፤ ሲታደስ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ባትሪው ሙሉ መሆኑን አረጋግጥ።

ከውጭ በርካሽ የሚመጡትን የሙከራ ቺፖችም ተጠንቀቅ። እነዚህ ኢንቴል ለአምራቾች ለሙከራ ብቻ የሚሰጣቸው ናቸው፤ ላያቸው ላይ ከሞዴል ቁጥር ይልቅ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የሚል ጽሑፍ ይታተምባቸዋል። ለሽያጭ የተሠሩ አይደሉም፤ ፍጥነታቸው ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ባዮሶችም አያውቋቸውም። ዋጋው ከሌሎቹ በእጅጉ ያነሰ ፕሮሰሰር ካየህ መጀመሪያ ጽሑፉን አንብብ።

ቀጥሎ የሙቀት ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ ልብ ብለህ ስማኝ። ኮር አይ5-4200ኤም ሁለት ኮር ያለው፣ ለ37 ዋት ሙቀት የተሠራ ፕሮሰሰር ነው። ኮር አይ7-4700ኤምኪው ደግሞ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ያለው፣ ለ47 ዋት የተሠራ ነው። ልዩነቱ አሥር ዋት ብቻ ይመስላል፤ በላፕቶፕ ጠባብ ሆድ ውስጥ ግን አሥር ዋት ብዙ ነው። አንዳንድ አምራቾች ዝቅተኛውን ፕሮሰሰር ለያዘው ሞዴል ያነሰ የመዳብ ቱቦና ቀጠን ያለ ማቀዝቀዣ ነው የሚያደርጉለት። እዚያ ላይ አይ7 ብታስቀምጥበት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገንዘብ የከፈልክበትን ፍጥነት ሙቀት መልሶ ይወስድብሃል ማለት ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሌሎች የማይነግሩህ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። የላፕቶፕ ማራገቢያ ሙቀትን የሚያወጣው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ደሴና ጎንደር ያለኸውም ይህ ይመለከትሃል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከሆንክ አየሩ ወፍራም ነው፤ ነገር ግን ክፍሉ ራሱ ይሞቃል። በሁለቱም በኩል ከአምራቹ ቁጥር ላይ ትንሽ ቀንሰህ አስብ፤ በቆላው ሙቀት፣ በደጋው የአየሩ መሳሳት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ቻርጀሩንም አትርሳ፤ ለመጀመሪያው ፕሮሰሰር ተመጥኖ የመጣ ከሆነ፣ በጨዋታ መሃል ተሰክቶም እያለ ባትሪው ሲቀንስ ልታይ ትችላለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጌም የሚጫወተው ፕሮሰሰሩ ብቻውን አይደለም። ፕሮሰሰሩ ጠላትህ የት እንዳለ፣ ኳሱ ወዴት እንደሄደ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ያንን ተቀብሎ ሥዕሉን ይስላል። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ እርሻው የሚሄደው በፈጣኑ በሬ ሳይሆን በዘገምተኛው እርምጃ ነው። ዘገምተኛው ግራፊክስ ካርዱ ሆኖ ሳለ ፕሮሰሰሩን ብትቀይር፣ ፈጣኑን ይበልጥ አፈጠንከው እንጂ ቀንበሩ ያው ነው። በአሮጌ ጌሚንግ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የማየው ይህንን ነው። ግራፊክስ ካርዱም እንደ ፕሮሰሰሩ በአብዛኛው የተበየደ ነውና እርሱን የመቀየር መንገድ የለህም። ለዚህ ነው «ፕሮሰሰሩን ልቀይር?» ለሚለኝ ልጅ ፈጥኜ እሺ የማልለው።

ዘገምተኛው የቱ እንደሆነ በቤትህ፣ ያለ ምንም ወጪ ልትፈትሽ ትችላለህ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና የፍሬም ብዛት፣ የግራፊክስ ካርዱ ሥራ በመቶኛ እና የሁለቱም ሙቀት በስክሪኑ ጥግ እንዲታዩህ አድርግ። ከዚያ የምታዘወትረውን ጌም ክፈትና ሁልጊዜ የሚንቀራፈፍብህ ቦታ ላይ ቁም። ግራፊክስ ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ እየሠራ ከሆነ ዘገምተኛው እርሱ ነው። 60 ወይም 70 በመቶ ላይ እያዛጋ ፍሬሙ ግን ዝቅ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ፕሮሰሰሩ ወይም ወደ ራሙ ይዞራል።

ለማረጋገጥ ሁለተኛ ፈተና አድርግ። የጌሙን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርደውና እዚያው ቦታ ላይ ፍሬሙን እንደገና ተመልከት። ጥራት መቀነስ የግራፊክስ ካርዱን ሸክም ያቀልላል፤ የፕሮሰሰሩን ግን እምብዛም አይነካም። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ችግሩ ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ መፍትሔውም ቅንብሩን ማውረድ እንጂ ዕቃ መግዛት አይደለም። ፍሬሙ ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። ይህን በአንድ ጌም ብቻ አትወስን። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ፕሮሰሰርን አብዝተው ይጠይቃሉ፤ ሥዕላቸው የከበደ ጌሞች ደግሞ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ የሚያደክሙት ግራፊክስ ካርዱን ነው።

አንዳንድ ቁጥሮች ያሳስታሉ። የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ ሥራ 40 በመቶ ስለሆነ ብቻ «ገና ብዙ ይቀረዋል» አትበል። ስምንት ትሬድ ያለው ፕሮሰሰር ላይ አንዱ ትሬድ እስከ አፉ ቢሞላ አጠቃላዩ 12.5 በመቶ ብቻ ነው የሚያሳየው። ብዙ ጌሞች ዋናውን ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ትሬድ ላይ ስለሚጭኑ እያንዳንዱን ለየብቻ ተመልከት። የስክሪንህንም ፍጥነት እወቅ፤ 60 ኸርዝ ስክሪን በሰከንድ ከ60 ሥዕል በላይ አያሳይም፤ 60 ፍሬም በአስተማማኝ ሁኔታ ካገኘህ 90 ለማድረስ ብር ማውጣት በዓይንህ ለማታየው ነገር መክፈል ነው።

የፒንግን ነገርም ለይ። በኦንላይን ጌም ላይ ተኩሰህ ጥይትህ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ወይም ተጫዋቾች ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ከመሰለህ፣ ነገሩ የኢንተርኔት ነው። ከኢትዮጵያ የሚላከው መረጃ አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ያለ ሰርቨር ደርሶ መመለስ አለበት። የዓለምን ምርጥ ፕሮሰሰር ብትገዛ ይህን ርቀት አያሳጥርልህም። ከዋይፋይ ይልቅ በኬብል መገናኘት፣ ሌሎች ዳውንሎዶችን ማቆም፣ ቅርብ ሰርቨር መምረጥ ይረዳሃል።

ፈተናውን ካደረግህ በኋላም ቢሆን በርካሹ ጀምር። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንብህ፣ በአቧራ ምክንያት የታፈነ ማሽን ይዘህ ፕሮሰሰር ልትገዛ አትሂድ። ላፕቶፑን የሚያውቅ ሰው ይክፈትልህ፤ ማራገቢያውና የመዳብ ክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራ ያጽዳ፤ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ጠርጎ አዲስ ያድርግበት። የአዲስ አበባ መንገድ ግንባታ አቧራ የት የት እንደሚገባ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ያለውን ሙቀት ጻፍ። 98 ዲግሪ ላይ ሲታገል የነበረ ማሽን ወደ 80ዎቹ ከወረደ፣ ቀንሶት የነበረውን ፍጥነት መልሶ ያገኛል፤ አንተም አዲስ ፕሮሰሰር የገዛህ ያህል ይሰማሃል። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወትም የሥር አየር ማስገቢያውን ይዘጋልና ከዛሬ ጀምሮ ተው።

ከዚያ ራሙን ተመልከት። ብዙ ላፕቶፖች በአንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ይሸጣሉ፤ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ራም በጥንድ ሲቀመጥ ማሽኑ በሁለት መስመር ያነባል፤ በጌም ላይ፣ በተለይም ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ በሆነ ማሽን ላይ፣ ለውጡ ጉልህ ነው። ከመግዛትህ በፊት ዓይነቱን እወቅ፤ 4ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ የሚወስደው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ነው። ማሽንህ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ የሚሠራው፣ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር ከምታወጣው ብር ሁሉ የተሻለው ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ተራው ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 500 ይደርሳል። ኤስኤስዲ የፍሬም ብዛት አይጨምርም፤ ነገር ግን ማሽኑ ሲነሳ፣ ጌሙ ሲከፈት፣ አዲስ ካርታ ሲጫን የሚያስጠብቅህን ጊዜ ያሳጥራል። ደግሞም ራሙ ባይሆንም ኤስኤስዲው ነገ ወደምትገዛው ላፕቶፕ ሊሻገር ይችላል። አሮጌ ፕሮሰሰር ግን ከአሮጌ ማሽን ጋር አብሮ ይቀራል።

ታዲያ «ቀይር» የምለው መቼ ነው? ማሽኑ 3ኛ ወይም 4ኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ፕሮሰሰሩ የሚነቀል ከሆነ፣ አሁን ያለው ባለ ሁለት ኮር ከሆነና ባለ አራት ኮሩ በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ማቀዝቀዣው ከቻለ፣ ፈተናውም ፕሮሰሰሩን ካጋለጠ ነው። ከአይ5-4200ኤም ወደ አይ7-4700ኤምኪው መሄድ ኮሩን እጥፍ ያደርጋል፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ብሌንደር ለሚሠራ፣ ፕሮግራም ለሚጽፍ ልጅም ይጠቅማል። ከአይ7-4700ኤምኪው ወደ አይ7-4910ኤምኪው መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም አራት ኮር አላቸው፤ ከፍተኛው ፍጥነት ከ3.4 ወደ 3.9 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያድገው። ይህ በጥሩ ሁኔታ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ዘገምተኛ በሆነበት ጌም ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ለዚያ ብር አታውጣ። የፕሮሰሰሩ፣ የሙያተኛውና የፔስቱ ዋጋ ተደምሮ ማሽኑ ዛሬ ቢሸጥ ከሚያወጣው ሩብ ካለፈም ተው።

ከቀየርክም በጥንቃቄ ይሁን። መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል። በእነዚህ ማሽኖች ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነውና አንዱ እንኳ ከተጣመመ አይገባም። ሶኬቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ሳትከፍት ለመንቀል አትታገል፤ ፕሮሰሰሩም በሦስት ማዕዘን ምልክቱ አቅጣጫ ያለ ግፊት ይቀመጣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ጋ ይሠራል፤ የፈሰሰ እህል እንኳ ይለቀማል፣ የተሰበረ ፒን ግን አይለቀምም።

ከመወሰንህ በፊት ዊንዶውስንም አስብ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። በ4ኛ ጄኔሬሽን ማሽን ላይ የፈለግኸውን ፕሮሰሰር ብታስቀምጥ 4ኛ ጄኔሬሽን መሆኑ አይቀየርም። ስለዚህ የምታወጣው ብር የማሽኑን ዕድሜ በጥቂት ዓመት የሚያራዝም እንጂ አዲስ የሚያደርገው አይደለም።

መልሱ «አትቀይር» ከሆነ አትዘን። ለፕሮሰሰሩ ያሰብከውን ብር ለይተህ አስቀምጥ፤ ላፕቶፑንም አጽድተህ፣ ዋጋው ሳይወርድ ሽጠውና በላዩ ላይ ጨምርበት። ቀጣዩን ስትገዛ «ኮር አይ7 ነው» በሚል ቃል አትሸነፍ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይ7-4500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ያለው ባለ 15 ዋት ነው፤ የ2018ቱ አይ5-8300ኤች አራት ኮር አለው፤ አይ5 ቢባልም በብዙ ይበልጠዋል። ጄኔሬሽኑንና የመጨረሻውን ፊደል ጠይቅ። የግራፊክስ ካርዱንም ስም ብቻ አትይ፤ አንድ አርቲኤክስ 4060 የላፕቶፕ ካርድ እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሠራ ይችላል፤ ስሙ አንድ ሆኖ አቅሙ ይለያያል። ማቀዝቀዣው ሰፊ፣ ራሙ የሚጨመር፣ ኤስኤስዲ መቀየሪያው ክፍት የሆነውን ምረጥ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፊት ጌም ወይም ከባድ ፕሮግራም ከፍተህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ሳትከታተል ገንዘብ አትቁጠር።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካለህ፣ ሞዴሉን ከነሙሉ ቁጥሩ ጽፈህ ስጠው፤ «ጥሩ ጌሚንግ ላፕቶፕ» ብቻ ካልከው ሻጭ የሚሰጠውን ይዞ ይመጣል። የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉ ስለሆኑ በእኛ 220 ቮልት ይሠራሉ፤ መሰኪያው ላይ መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። ለዋስትናው ግን ጠይቅ፤ ውጭ አገር የተገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ እዚህ ዋስትና የለውም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ላስታውስህ። በዚህ ዕድሜ «ከማን አንሼ» የሚለው ስሜት ብዙ ያስወጣል። ጓደኛህ 144 ፍሬም ስላገኘ ያንተ 60 አይረክስም። ጨዋታን አልነቅፍም፤ በጌም ፍቅር ጀምረው ዛሬ በጥሩ ሙያ የሚተዳደሩ ልጆች አውቃለሁ። ነገር ግን ገንዘቡ የእናትህ ዕቁብ ከሆነ፣ የምትገዛው ነገር ከጌሙ ሌላ ለትምህርትህና ለእንጀራህም የሚረዳ መሆኑን ራስህን ጠይቅ። ለጌምም ለሥራም የሚጠቅም ግዢ ሲሆን እናትህ ፊት ቀና ብለህ ታስረዳለህ።

ስለዚህ ልጄ፣ ዛሬ ማታ ሲፒዩ-ዚን ክፈት፣ የጥራቱን ፈተና አድርግ፣ ሙቀቱንና ፍሬሙን ወረቀት ላይ ጻፍ። ነገ ማሽኑን አስጸዳና ፈተናውን ድገመው። ፕሮሰሰሩ የተበየደ ከሆነ ነገሩን ዝጋና ለአዲስ ማሽን ቆጥብ። የሚነቀል ሆኖ ጥፋቱ የግራፊክስ ካርዱ ከሆነም እንዲሁ። የሚነቀል ሆኖ ጥፋቱ በእርግጥ የፕሮሰሰሩ ከሆነ፣ በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ያለውን ገዝተህ ቀይር፤ ያኔ ብርህ ቦታውን አግኝቷል።